ብርሃን የሚያሳልፍ ግድግዳ

ወልድያ በሚገኝ አንድ ትንሽ የዲዛይን ቢሮ ውስጥ የሕንፃ ምስል በኮምፒውተር ስሠራ አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር። የሚበልጠኝ አልነበረም፤ የሚወዳደረኝም ስላልነበረ ነው። ከዚያ እሷ መጣች። የመርሳ ልጅ ናት፤ በዕድሜም በልምድም ከእኔ ታንሳለች። የቢሮው ባለቤት የሆኑት ኢንጂነር ጠረጴዛዋን ከእኔ ጎን አደረጉላት።

ጦርነቱ ገና ከእኛ ሩቅ ሳለ አንድ ነጋዴ መርሳ ላይ የፍራፍሬ ማከፋፈያ አዳራሽ ለመሥራት ፈለጉ። የፊት ግድግዳው ብርሃን የሚያሳልፍ፣ የውስጡን ግን አጥርቶ የማያሳይ ወፍራም ፕላስቲክ እንዲሆን ተወሰነ። ምስሉን መጀመሪያ የሠራሁት እኔ ነኝ። ኢንጂነሩ አዩትና «ይሄ ወተት የተደፋበት መስኮት ነው» አሉኝ። ሥራውን ለእሷ ሰጧት።

በሁለተኛው ቀን አመጣችው። ከግድግዳዋ ኋላ አንዲት ሴት ቆማለች፤ ግድግዳውን የነካው መዳፏ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ፊቷ ግን ጭጋግ ውስጥ እንዳለ ደብዝዟል። ነጋዴው ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው «ውስጥ ያለችው ማን ናት?» አሉ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ምሳ ስትወጣ ወንበሯ ላይ ተቀምጬ ፋይሏን ከፈትኩ። ምን ያህል ብርሃን እንደሚያልፍ፣ ገጹ ምን ያህል እንደሚሻክር፣ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ወረቀት ላይ ገለበጥኩ። በራሴ ሥራ ላይ ስሞላቸው ግን ግድግዳው ያው የሞተ ነጭ ሆነ። የሆነ ነገር ደብቃለች ብዬ አመንኩ። በማግስቱ ለኢንጂነሩ «ያንን ምስል ከኢንተርኔት ነው ያወረደችው» አልኳቸው። ጠርተው ጠየቋት። ከቢሯቸው ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ወሬውን ማን እንዳመጣው ግን አልነገሯትም። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ ቀረበ። ቢሮው ተዘጋ፣ እሷም መርሳ እናቷ ዘንድ ሄደች። የከባድ መሣሪያ ድምፅ ወልድያ ድረስ ሲሰማ እኔና እህቴ በእግር ወጣን። መርሳ ስንደርስ የእህቴ እግር አብጦ መራመድ አቃታት። በከተማው ውስጥ የማውቀው ሰው እሷን ብቻ ስለነበር ቤታቸውን ጠይቄ ሄድኩ።

ግቢያቸው በተፈናቃይ ተሞልቷል። ለእኛም በነጭ የፕላስቲክ ሸራ የተጋረደ ጥግ ሰጠችን፤ ለእህቴ ጨው የገባበት ለብ ያለ ውኃ አመጣችላት። በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ ከሸራው ኋላ ስትወጣ፣ እናቷ በወዲያ በኩል ልብስ ያሰጡ ነበር።

«እናቴን እያት» አለችኝ። «እጇ ሸራውን ሲነካ ይጠራል፤ አንድ እርምጃ ስትርቅ ትደበዝዛለች። የአንተ ግድግዳ ውፍረት አልነበረውም፤ ከኋላውም ብርሃን አላደረግህም። ቁጥሩ ብቻውን ምን ያደርጋል?»

«ቁጥሩን መገልበጤን በምን አወቅሽ?»

«ወንበሬን ከፍ አድርገህ ትተኸው ነበር።»

ይህን ከታገሠችኝ ሌላውንም ትታገሠኛለች ብዬ፣ ለኢንጂነሩ የዋሸሁባት እኔ መሆኔን ነገርኳት። ተነሥታ ወደ ቤት ገባች። ከዚያ በኋላ ምግብ የሚያመጡልን እናቷ ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ወደ ደሴ የሚሄድ አይሱዙ አግኝተን ስንወጣ የሸኙንም እሳቸው ብቻ ናቸው። መኪናው ላይ ሰው ሁሉ ስለ ተወው ቤት ያለቅሳል። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነበር፤ ከወልድያ እስከ መርሳ ስንት የተፈናቃይ ሸራ ሳልመለከተው አልፌ፣ ብርሃኑን ያየችው እሷ ናት።

ጦርነቱ ጋብ ብሎ ወልድያ ስንመለስ የቢሮው በር ተሰብሮ ኮምፒውተሮቹ ተወስደዋል። እሷ አዲስ አበባ ሥራ ይዛለች። ነጋዴው ግን አዳራሹን አልተዉትም፤ በተዋስነው ላፕቶፕ ግድግዳውን እንደ አዲስ ሠራሁት። ውፍረት ሰጠሁት፣ ከኋላው ብርሃን አኖርኩ። ነጋዴው አይተው «አዎ፣ ይሄ የልጅቷ ነው» አሉ።

«የእሷ ነው» አልኳቸው፤ አፌን እየመረረኝ።

እሳቸው ሲሄዱ እውነቱን ለኢንጂነሩ ነገርኳቸው። «እንግዲያው እኔም ይቅርታ ልጠይቃት ይገባኛል» ብለው ሊደውሉላት ስልካቸውን አነሡ።

እኔ ምስሉን ላክሁላት። ከሳምንት በኋላ «ብርሃኑን ትንሽ ወደ ግራ አድርገው» ብላ መለሰች፤ ሌላ ምንም አልጻፈችም። ተናደድኩ። እስከ ከሰዓት ድረስ አልነካሁትም። ከዚያ ወደ ግራ አደረግሁት፤ ልክ ነበረች።