ባል አላት ወይስ የላትም

ያን ጊዜ ሐረር፣ ፈላና በር አካባቢ፣ ከእህቴና ከአማቷ ከባሏ እናት ጋር ነበር የምኖረው። የእህቴ ባል ሳዑዲ ከሄደ ዓመታት አልፈዋል። መጀመሪያ ይደውል ነበር፤ ኋላ ስልኩ ጠፋ፤ ከዚያ እሱም ጠፋ። ሞተ የሚል የለ፣ አለ የሚል የለ። ሰው ሁሉ «ሰብር አድርጊ፣ ታገሺ» ይላታል። ለመካሪ ምን አለበት፣ ዕድሜው የሚሄደው የእሷ ነው። ቃዲ ዘንድ ሄዳ ትዳሩ እንዲፈርስላት መጠየቅ ትችል ነበር። ግን አማቷን ትወዳቸዋለች፤ ይህን መጠየቅ ደግሞ «ልጅዎ ሞቷል» ከማለት አይለይም። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ብለን ሦስታችንም ዝም ብለን ተቀምጠናል።

እኔ በዚያ ሰሞን የኮምፒውተር ጨዋታ እሠራ ነበር። ተጫዋቹ መጀመሪያ የራሱን ሰው ይሠራል። ይፈጥራል አልልም፣ የሚፈጥር አላህ ብቻ ነው ብለው አማቷ ይቆጡኛል። ፊቱን፣ የቆዳውን ቀለም፣ ጸጉሩን፣ ልብሱን ይመርጥና በዚያ ሰው ሆኖ ከተማ ለከተማ ይዞራል፣ ይነግዳል፣ ይጣላል። የውጭዎቹን ጨዋታዎች ስከፍት ጸጉር በዓይነት በዓይነቱ ተደርድሯል፤ የእኛ ብቻ የለም። ያንጨረጭረኝ ነበር። ስለዚህ የልጃገረዶቹን ሹሩባ ሠራሁ፤ ያገቡ ሴቶች ጸጉራቸውን ከጆሯቸው ኋላ ሁለት ቦታ ጠቅልለው የሚሸፍኑበትን ጉፍታም ሠራሁ።

አንድ ቀን አማቷ ሲያልፉ ስክሪኑ ላይ ጉፍታ ያደረገችውን ሴት አዩና ቆሙ።

«ይቺ ባል አላት?» አሉኝ።

«የላትም። ጨዋታ እኮ ነው» አልኳቸው።

«ታዲያ ጉፍታ ምን ይሠራላታል? ነውር አይደለም እንዴ?»

እውነታቸውን ነው። እኔም የሐረር ልጅ ነኝና ብዙ ሳላስብ አስተካከልኩት። ከጸጉሩ በፊት ጨዋታው «ባል አላት» ወይም «ባል የላትም» የሚል ምርጫ ያቀርባል፤ ሳይመልሱ ማለፍ አይቻልም።

እሁድ ከሰዓት እህቴን «እስቲ ራስሽን ሥሪና ሞክሪልኝ» አልኳት። አማቷም ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። ፊቱን ሠራች፤ አፍንጫው አልመጣ ብሎ ተሳሳቅን። ቀሚሱን እሳቸው መረጡላት። ከዚያ ጥያቄው መጣ።

የእህቴ እጅ ማውሱ ላይ ደርቆ ቀረ። ምን እንደሠራሁ የገባኝ ያኔ ነው።

«ተዪው፣ ይሄ ገና አላለቀም፣ አጠፋዋለሁ» ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

«አትንኪ» አሉኝ አማቷ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ። «ትመልስ።»

እህቴ ወደ እሳቸው ዞር አላለችም። «ባል የላትም» የሚለውን ነካች፤ ስክሪኑ ላይ ያለችው ሴት ሹሩባዋ ትከሻዋ ላይ ወረደ።

አማቷ ተነሡ። ከቤት ሊያስወጧት ነው ብዬ ፈራሁ፤ እህቴ ከዚያ ቤት ሌላ መሄጃ አልነበራትም። በሩ ጋ ደርሰው ቆሙ፤ ፊታቸውን ግን አላዞሩም።

«ነገ ቃዲው ዘንድ አብሬሽ እሄዳለሁ» አሏት። «እኔ እናቱ ነኝ፣ እጠብቀዋለሁ። አንቺን ግን ይበቃሻል፣ ልጄ።»

እህቴ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት፣ እሳቸው እንዳይከፋቸው ብላ፣ አንድም ቀን ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር።