ዜማ የማይደግመው ሰው

እንግዳ ተቀባይ ሆኜ በምሠራበት ሆቴል፣ ከሰዓት በኋላ ፒያኖ የሚጫወት ሰው አለ። ክርኑ ላይ የሳሳውን ግራጫ ኮቱን ሳያወልቅ ይቀመጥና እንደመጣለት ይጫወታል። ዜማው መልክ ይዞ እንግዶች አብረው ማንጎራጎር ሲጀምሩ ግን ድንገት ያቋርጠዋል።

ኩራት መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ሰው ሁሉ የሚወደው ዘፈን በራዲዮ ሲመጣ ተነስቶ ወጣ። ሲመለስ ምን እንደነካው ጠየቅሁት።

"የኔ ዜማ ነው" አለኝ። "ድሮ ድርሰት የምሠራው እንዲህ ነበር፤ ጣቶቼን እለቃቸዋለሁ፣ ስደጋግመው ዜማው ራሱ ቦታ ቦታውን ይይዛል። አብሮ አደጌ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ያዳምጠኝ ነበር። ለካ እየጻፈ ይይዘው ኖሯል፤ በራሱ ስም አወጣው።"

"ታዲያ ዝም አልከው?"

"ምን ዝም እላለሁ! ሄጄ ስጠይቀው 'አንተ አየር ላይ በተንከው፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ' አለኝ። ከእናቴ እጅ በልቶ ያደገ ሰው እኮ ነው!"

ትናንት አንዲት ወይዘሮ ፒያኖው አጠገብ ቆመው "ወንድሜ፣ ያቺን የአሁኗን ድገምልኝ፤ አንጀቴን በላችው" አሉት።

"ይቅርታ እናቴ፣ ረሳኋት" አላቸው ፈገግ ብሎ።

ሥራውን ጨርሶ በሩ ጋ ዝናቡ እስኪያባራ ሲጠብቅ፣ ያችኑ ዜማ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለራሱ ሲያንጎራጉራት ሰማሁት። ዞር ብሎ ሲያየኝ አቋረጣት፤ ከዚያም ዝናቡ ሳያባራ ወጥቶ ሄደ።