በነፃ የወረደ ሻማ

በልብስ ሰፊና በጫማ ሻጭ መካከል በተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ቪዲዮ እየቆረጠና እየቀጠለ የሚተዳደር አንድ ሰው ነበር። ጎረቤቶቹ «አቶ ነፃ» ይሉታል። ስሙን ያወጣለት ልብስ ሰፊው ሲሆን ምክንያቱም ግልጽ ነበር፤ ይህ ሰው ለሙያው ለሚያስፈልገው ሶፍትዌር መክፈልን እንደ ሞኝነት ይቆጥረው ነበር። የሙሽሮች ስም በወርቃማ ፊደል እየተጠቀለለ የሚወጣበትን ቴምፕሌት የተባለ ዝግጁ ቅርጽ፣ የደበዘዘውን ሰማይ የሚያጠራውንና የፊትን ጉድፍ የሚያጠፋውን ፕለጊን የተባለ ተጨማሪ መሣሪያ፣ ሁሉንም ከኢንተርኔት በነፃ ያወርዳል። ያወረደውንም አይጥልም። ሃርድ ዲስኩ ማንም መጥቶ የማይወስደው የሰው ዕቃ የታጨቀበት መጋዘን ይመስል ነበር።

«አቶ ነፃ፣ ዛሬስ ምን አወረድክ?» ይለዋል ልብስ ሰፊው በየጠዋቱ የሱቁን መዝጊያ እየከፈተ።

«የአንተን ምላስ የሚያሳጥር መቀስ።»

«ተጠንቀቅ ወንድሜ! በነፃ ሲወርድ የማውቀው ዝናብ ብቻ ነው፤ እሱም ጎርፍ ያስከትላል።»

ተሳስቀው ወደየሥራቸው ይገባሉ።

ሰውየው ሰነፍ አልነበረም፤ ይህን መመስከር ተገቢ ነው። ቃሉን ይጠብቃል፣ የቀጠረውን አያመላልስም። ይሁን እንጂ የሠርግ ብዛት ሁለት ልማዶችን አስተምሮታል። የመጀመሪያው በዝምታ መሥራት ነው። ቴምፕሌት ባዶ ቦታዎቹን አዘጋጅቶ፣ የየቦታውን ርዝመት ወስኖ፣ ሙዚቃውንም አስቀድሞ ጭኖ ይመጣል፤ ለሠራተኛው የሚቀረው ሥዕሉን በየቦታው መሰካት ብቻ ነው። የቀረጻው ድምፅ ስለማይፈለግ እሱም ከመጀመሪያው ይዘጋዋል፤ ጫጫታ ራሱን ያዞረዋል። ሁለተኛው ልማድ ከፕለጊኖቹ የመጣ ነበር። በነፃ ከሚገኙት አብዛኞቹ «ከመጫንዎ በፊት አንቲቫይረሱን ያጥፉ» የሚል መመሪያ አላቸው። እሱም ያጠፋል። በሙያው ያሉት ባልንጀሮቹም ያጠፋሉ። ዘበኛን አሰናብቶ ለማይታወቅ እንግዳ በር መክፈት፣ ከመደጋገሙ የተነሣ የሥራው ደንብ መስሏቸው ነበር።

እናቱ በልጅነቱ ሞታበት ያሳደጉት አክስቱ ናቸው። አክስቱ አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ ከእሱ ጋር በአንድ አልጋ ተኝታ፣ ከአንድ ሳህን በልታ ያደገች ስለነበረች «እህቴ» እንጂ «የአክስቴ ልጅ» ብሏት አያውቅም። ይህች ልጅ ሆስፒታል ውስጥ ረጅም ጊዜ ማቅቃ ሞተች። አቅሟ ሳይከዳት በፊት ስልኳን ከራስጌዋ ካለው ጠረጴዛ ላይ አቁማ፣ ለእናቷ የምትለውን ተናግራ ራሷን ቀርጻ ነበር። አክስቱ ግን ሊሰሙት አልቻሉም። «እማዬ» የምትለዋን የመጀመሪያ ቃል እንደ ሰሙ ስልኩ ከእጃቸው ወደቀ፤ ከዚያ ወዲያ አልከፈቱትም፣ ሌላ ሰው እንዲከፍተውም አልፈቀዱም።

የመታሰቢያዋ ቀን ሲቃረብ ስልኩን በመሐረብ ጠቅልለው ወደ ሱቁ መጡ።

«ልጄ፣ ደህና አድርገህ ፊልም ሥራላት። ድምፅዋን ብቻዬን መስማት አቃተኝ። የዚያን ቀን ግን ሰው ይከበኛል፤ ብወድቅም የሚያነሣኝ አለ። ያን ጊዜ እሰማዋለሁ።»

«አያስቡ አክስቴ። የእህቴ ነገር እኮ ነው።»

በዚያው ሰዓት ቀረጻውንም ፎቶግራፎቹንም ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጠ። የአክስቱ ስልክ መስታወቱ የተሰነጣጠቀ አሮጌ ስለነበረ አዘነላቸውና፣ የልጅቱን ስልክ ውስጡ ያለውን ሁሉ ጠርጎ፣ እንደ አዲስ አስተካክሎ ሰጣቸው።

«ይኸው፣ ከእንግዲህ በዚህ ይደውሉ። ንጹሕ አድርጌልዎታለሁ።»

«የእሷስ ነገር?»

«ሁሉም እኔ ጋ አለ።»

አክስቱ ግንባሩን ሳሙትና ሄዱ።

የመረጠው ቴምፕሌት በእርግጥ የሚያምር ነበር። በእያንዳንዱ ሥዕል ግርጌ ሻማ ይበራል፤ ሥዕሉ ሲያልፍ ሻማው ይጠፋል፤ በሚቀጥለው ላይ ደግሞ ይበራል። ነበልባሉን የሚያንቀሳቅሰው ፕለጊን ግን የሚሸጥ ሆነ። በነፃ የሚሰጠው የሙከራ ቅጂ ሲሆን፣ እሱም በሥዕሉ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ «ለሙከራ ብቻ» የሚል ወፍራም ጽሑፍ ያትማል። ሰውየው በዚሁ አንድ አነስተኛ ናሙና ሠራና አክስቱ እንዲያዩት ወደ ስልካቸው ላከው።

ወዲያው ደወሉ። «ልጄ፣ ፊቷ ላይ የተጻፈው ምንድን ነው?»

«ይጠፋል አክስቴ። ናሙና ስለሆነ ነው።»

«ድምፅዋስ? እኔ የምሰማው ሙዚቃ ነው።»

«እሱን መጨረሻ ላይ አስገባዋለሁ። እርስዎ ብቻ ይረጋጉ።»

አጠገቡ ተቀምጣ የሠርግ ፎቶግራፍ ስትለይ የነበረችው ሚስቱ ቀና አለች። «አንተ ሰውዬ፣ ለዚህች እንኳ ግዛው እንጂ! እህቴ የምትላትንም በነፃ ልትሸኛት ነው?»

«በነፃ የሚገኝ ነገር ለምን ይገዛል? እሷስ ብትኖር ገንዘብህን አቃጥል ትለኝ ነበር?»

«እሷማ ስትስቅብህ ነው የኖረችው።»

ከምሳ በኋላ የፈለገውን አገኘ። አንድ ስሙን ሰምቶት የማያውቅ ገጽ፣ ያንኑ ፕለጊን ምንም ጽሑፍ የማያትም አድርጎ በነፃ እሰጣለሁ ይላል። መመሪያው የተለመደው ነበር፤ አንቲቫይረሱን ያጥፉ። አጠፋ። ጫነ። ሻማው በራ። የእህቱ ፊት ጽሑፉ ተገፎለት ጥርት ብሎ ወጣ።

«ነይ እዪ! አላልኩሽም?» ብሎ ሚስቱን ጠራት።

ሚስቱ ወንበሯን ገፍታ እስክትነሣ ድረስ የፋይሎቹ ስም መለወጥ ጀምሮ ነበር። ከላይ ወደ ታች፣ ተራ በተራ፣ እያንዳንዱ ስም ትርጉም በሌላቸው ፊደላት እየተተካ ወረደ። እሱ መጀመሪያ የዓይኑ ድካም መሰለው። ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ የኤሌክትሪኩን ገመድ በሁለት እጁ መዞ ነቀለው። ረፍዶ ነበር። መጠባበቂያ ብሎ የገዛው ሁለተኛ ዲስክ እንኳ በዚያው ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ስለነበረ አብሮ ተቆልፏል።

ኮምፒውተር ጠጋኙ ዕቃውን ፈትቶ ተመለከተና ራሱን ነቀነቀ። «ያወረድከው ነገር ፋይሎችህን ሁሉ ቆልፏቸዋል፤ ቁልፉ ያለው የላከው ሌባ ጋ ነው። ክፈሉኝ ይላል፤ የከፈሉትንም ሰዎች አውቃቸዋለሁ፣ አልከፈተላቸውም። ቀረጻው ከመጀመሪያው የት ነበር?»

«ስልክ ላይ።»

«ታዲያ ምን አስጨነቀህ? ስልኩን አምጣዋ!»

«ጠርጌዋለሁ።»

ጠጋኙ ስልኩን አስመጥቶ ሞከረው። ብዙ ሞከረ። በመጨረሻም ስልኩን በጠረጴዛው ላይ ወደ እሱ በጣቱ ገፋ አደረገለትና፣ «በደንብ ነው የጠረግከው» አለው።

አክስቱ ቤት ሲደርስ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ለመታሰቢያው የተዋሷቸው ወንበሮች ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። እሳቸው አንዱ ላይ ተቀምጠው መሐረብ ያጥፋሉ። ሳይቀመጥ፣ ኮፍያውን በእጁ እንደ ያዘ፣ የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። አላቋረጡትም። ሲጨርስ መሐረቡን ዘርግተው እንደገና አጠፉት።

«እና ቀረጻው የለም?»

«ያ የላክሁልዎ ናሙና ብቻ ነው የቀረው። ጽሑፉ ያለበት።»

«ድምፅ የሌለው።»

«አዎ አክስቴ።»

መሐረቡን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ፊታቸው ጥቂት ፈታ አለ፤ ለእሱ ከቁጣ የከፋው ይህ ነበር። «ግዴለም። አንተ ሰምተኸዋል። እኔ ራሴ ከምሰማው ይልቅ አንተ ብትነግረኝ ሳይሻል አይቀርም። ቁጭ በልና ንገረኝ ልጄ፤ ምን አለችኝ?»

ሰውየው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቃላቱ ከየት እንደ መጡ ሳያውቅ አፉ ላይ ደረሱ፤ «እማዬ፣ አታልቅሺ። እማዬ፣ አልከፋኝም። እማዬ፣ ራስሽን ጠብቂ።» ለየትኛዋም እናት፣ ከየትኛውም ልጅ የሚሆኑ ነበሩ፤ ስም ብቻ ለውጦ መሰካት ነው። አክስቱም ያምኑታል፤ ዓይኖቻቸው አስቀድመው አምነውታል። አፉን ከፈተ፣ መልሶም ዘጋው።

«አልሰማሁትም።»

«ምን አልክ?»

«አልሰማሁትም አክስቴ። ስሠራ ድምፁን ዘግቼ ነው።»

አክስቱ ትክ ብለው አዩት። «የእህትህንም?» አሉት።

በመታሰቢያው ቀን ክፍሉ ሞላ። ልብስ ሰፊውም መጥቶ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ የዚያን ዕለት ቀልድ አልነበረውም። ሰውየው ናሙናውን ከአክስቱ ስልክ ወደ ተከራየው ትልቅ ቴሌቪዥን አገናኘ። ሙዚቃው ሊጀምር ሲል አክስቱ እጃቸውን አነሡ።

«ዝጋው እሱን።»

ዘጋው። ፎቶግራፎቹ በዝምታ አለፉ፤ ሻማው ይበራል፣ ይጠፋል። በመጨረሻ የሆስፒታሉ አልጋ መጣ። ልጅቱ ካሜራውን አይታ ፈገግ አለች፤ «ለሙከራ ብቻ» የሚለው ጽሑፍ ከግንባሯ ተነሥቶ፣ አፍንጫዋን አቋርጦ፣ እስከ አገጯ ወርዷል። ከንፈሮቿ ከጽሑፉ ሥር ተንቀሳቀሱ። የመጀመሪያዋን ቃል በክፍሉ ያለ ሰው ሁሉ አወቃት። ሁለተኛዋን ማንም አልለየም። ሦስተኛዋን ጀምራ ሳለች ቴምፕሌቱ የፈቀደው ቦታ አለቀና ሻማው ጠፋ።

አክስቱ ከወንበራቸው ጫፍ ድረስ ተስበው ነበር። የገዛ ከንፈራቸውን ከልጃቸው ከንፈር ጋር ለማስማማት ቀስ ብለው አንቀሳቀሱ፤ ከመጀመሪያዋ ቃል ግን አላለፉም።

«ድገመው» አሉ፣ ዘወር ብለው ሳያዩት።

ደገመው።

«ድገመው።»