ሰዓት ተሸካሚው

የያዙኝ፣ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ከሞላሌ ገበያ ስመለስ ነው። የተቃዋሚ ድርጅት ደብዳቤ አድርሰሻል አሉኝ፤ አድርሻለሁ። ያስገቡኝ ቀድሞ የእህል መጋዘን በነበረ ክፍል ነው። ወለሉ ላይ የቀረው የገብስ እብቅ ልብስ ውስጥ እየገባ ያሳክካል። ስድስት ሴቶች ነበርን። መነጋገር ክልክል ነው።

ከጎኔ የሚተኙት እናት ወደ ሰማንያ ይጠጋሉ። የታሰሩት ሸፍቷል በተባለው ልጃቸው ፋንታ ነው። አዲስ አበባ እንዳደጉ በጆሮዬ ነገሩኝ። ሕዝቡ ሲኒማውን ሰይጣን ቤት በሚልበት ዘመን ተደብቀው ገብተው አንድ ድምፅ የሌለው ፊልም አይተዋል። ብዙም ሳይቆይ የሚናገር ፊልም መጣና ያንን ዳግም ያሳየ የለም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ፊልሙን ራሳቸው እየተወኑ ያለ ቃል አሳዩን። አንድ ሰውዬ ጎብጦ ቁም ሳጥን የሚያህል ሰዓት በጀርባው ተሸክሞ ወደ ሠርግ ቤት ይሄዳል። መንገደኛው ሁሉ ስንት ሰዓት ነው ይለዋል። ያወርዳል፣ ዞሮ ያያል፣ በጣቱ ይነግራል፣ መልሶ ይሸከማል። ነጠላችንን ነክሰን ሳቅን። መጨረሻውን ለነገ ብለው በምልክት ተዉት።

በማግስቱ መርማሪው አስጠራኝ። የጣቢያው ኃላፊ ጎባጣ ነበር።

«አሮጊቷ የምትጎብጠው በኃላፊያችን ለማሾፍ ነው ይባላል። አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እውነት ነው?»

ፊልም ነው ብል ይበቃ ነበር። የመፈቻ ወረቀቴ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«አላውቅም» አልኩ።

ፈረመበትና ነገ ትወጫለሽ አለኝ።

እሳቸውን ወዲያው አስወጥተው ድንጋይ የሞላ ጆንያ አሸክመው በብርዱ ግቢውን አዞሯቸው። በበሩ ስንጥቅ እናያለን። በሦስተኛው ዙር ፊት ለፊታችን ቆሙ። ጆንያውን ቀስ ብለው አወረዱ፤ ዞረው ትኩር ብለው አዩት፤ ለዘበኛው ስምንት ጣት አሳዩት።

«ምንድን ነው እማማ?»

«ሰዓቱ ነዋ፣ ልጄ። ያልጠየቅኸኝ አንተ ብቻ ነህ።»

ሴቶቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥተው ሳቁ። እኔ አልቻልኩም።

ሲመለሱ እጃቸው አልነሣ ብሏቸው ነበር፤ መጨረሻውን አላሳዩንም። እንደ ወትሮው የበግ ጠጉር ባናቸውን ግማሹን አለበሱኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አደርኩ፤ በጧት ወጣሁ።

በኋላ ተፈተው፣ ቆየት ብለው እንዳረፉ ሰማሁ። ልቅሶ አልደረስኩም።

ስለ ድሮ ፊልሞች የሚያጠና አንድ ሰው በቅርቡ ጠይቄ ነበር። ከእነዚያ አብዛኞቹ ተቃጥለው ጠፍተዋል፤ ያም ሳይጠፋ አይቀርም አለኝ። ሰውዬው ሰዓቱን ከሠርጉ ቤት አድርሶ እንደሆነ አላውቅም። ይኸኛው አላውቅም እውነት ነው።