ግራ ቀኙ ቢጠሩ አልቀረቡም

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ ፍርድ ቤቶች ለክረምት ሊዘጉ ጥቂት ሳምንታት ሲቀራቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሆኗል፤ እናቴንም ቀብሬያለሁ። ነገር ግን ያን ጊዜ ያነበብኩት አንድ መስመር ጽሑፍ ከሐሳቤ አልወጣ ስላለኝ ልጽፈው ተነሣሁ።

የተወለድኩት ሐዋሳ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ ነው፤ አሁንም እዚያው ነኝ። ሥራዬ መጋረጃ መስፋት ነው፤ መሃል ከተማ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ቤታችን የጓሮ ቤት ነው። ወደ ዋናው መንገድ ለመውጣት ከፊታችን ባለው በጋሽ ኑሪ ግቢ ጥግ በኩል ማለፍ ግድ ነው። በሌላው በኩል ያለው የጎርፍ ቦይ ነው፤ በእሱም ቢሆን ሰው በጎኑ ካልሆነ አያልፍም።

ልጅ ሳለሁ አባቴና ጋሽ ኑሪ በዚህ መተላለፊያ የተነሣ ተካሰው ነበር። ክሱ ሲጀመር አስታውሳለሁ። ሲያልቅ ግን አልነበርኩም፤ ሆሳዕና አያቶቼ ዘንድ ተልኬ እዚያ እማር ነበር። ለእረፍት ስመጣ አባቴ «የፍርድ ቤቱ ነገር አልቋል፤ በዚህ ቤት ዳግመኛ እንዳይነሣ» አለን። መንገዱም ክፍት ነበር። ስለዚህ ረትተናል ብዬ ደመደምኩ። በእኔ ቦታ የነበረ ማንም ሰው እንደዚያው ይደመድማል።

ሁለቱም አባቶች አርፈዋል፤ መጀመሪያ የእኔው፣ ቀጥሎ ጋሽ ኑሪ። ግቢው ለትልቋ ልጃቸው ለሰሚራ ደረሰ። ሰሚራ በዕድሜ ትንሽ ትበልጠኛለች፤ ገበያ ውስጥ የዕቃ መደብር አላት፤ ቆፍጣና ሴት ናት። ለእናቴ ሁልጊዜ ጎንበስ ብላ ሰላምታ ትሰጣለች፤ ከእኔ ጋር ግን «እንዴት አደርሽ» ከመባባል አልፈን አናውቅም ነበር።

እናቴ ስትሮክ መትቷት ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ ካላት፣ አንደበቷም ከተያዘ ዓመት አልፎ ነበር። በየሳምንቱ ለሕክምና የምንወስዳት በባጃጅ ነው፤ ባጃጁ በዚያ መተላለፊያ እስከ ደጃችን ይገባል። አንድ ቀን ጠዋት ስንወጣ መንገዱ ላይ አሸዋና ብሎኬት ተራግፎ አገኘን። ሰሚራ ሱቆች ልትሠራ ነው። ግንበኞቹ የዘረጉት ሲባጎ ከጥግ እስከ ጥግ፣ አንድም ክፍተት ሳይተው ያልፋል። እኔና የባጃጁ ሹፌር እናቴን ተሸክመን በአሸዋው ክምር ላይ ተሻገርን። ነጠላ ጫማዋ መንገድ ላይ ወለቀ፤ መለስ ብዬ ሳነሣው አለቀስኩ።

ከሕክምና ስንመለስ ሰሚራን አንኳኳሁ።

«ሰሚራ፣ ይሄ እኮ መንገዳችን ነው» አልኳት።

«የአባቴ ግቢ ነው» አለችኝ፤ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «እስከ ዛሬ ያለፋችሁት በአባቴ ደግነት ነው። ፍርድ ቤት ለእሱ ነው የፈረደው።»

«ለእናንተ? የፈረደው ለአባቴ ነው።»

«ወረቀቱን አምጪዋ።»

«አመጣለሁ።»

«እኔም አመጣለሁ» ብላ በሩን ዘጋችው።

አባቴ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ማለት ይወድ ነበር። ሥሩን ፍለጋ ሄድኩ።

ለማያውቅ ሰው ልንገረው፤ የቆየ የፍትሐ ብሔር መዝገብ ማግኘት የጠፋ ዘመድ እንደ መፈለግ ነው። የመረጃ መስኮቱ ላይ የተጠየቅኩት መጀመሪያ የመዝገብ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ባውቅማ ምን አንከራተተኝ? ቁጥር ከሌለ የሁለቱ ተከራካሪዎች ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የክርክሩ ምክንያትና በግምት ዓመቱ ያስፈልጋል። የቅርብ ጊዜው በኮምፒውተር ይገኛል፤ የጥንቱ ግን ከኋላ ባለው ክፍል መደርደሪያ ላይ ነው። በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚጽፍ ሰውዬ ማመልከቻ አዘጋጀልኝ። የሟች ልጅ ለመሆኔም የወራሽነት ማስረጃዬን አያይዤ አስገባሁ።

እኔ ደግሞ ቤቱ አሁን በእናቴ ስም ስለሆነ በእናቴ ስም አስፈለግኩ። ተመላልሼ ተመላልሼ «የለም» ተባልኩ። በኋላ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ «ክሱን የከፈተው ማነው? መዝገብ እኮ የሚቀመጠው በከፈተው ሰው ስም ነው» አለችኝ። የአባቴን ስም ሰጠኋት። ሐሙስ ተመለሺ አለችኝ።

እነዚያን ቀናት ሁሉ ቦርሳዬን አንሥቼ ስነሣ እናቴ በደህናው እጇ እጅጌዬን ትይዝ ነበር። ጥብቅ አድርጋ ነው የምትይዘው። ብቻዬን አትተዪኝ የምትለኝ መስሎኝ «እማዬ፣ ለአንቺው ብዬ እኮ ነው፤ መንገድሽን ላስከፍት ነው» እያልኩ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቅቅ ነበር። ትንሽ እልህም ይይዘኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ሐሙስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ከመዝገብ ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት ባሉት አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተጣበን ተቀምጠናል። አጠገቤ ያሉት ሁለት አዛውንቶች በሲዳሙ አፎ ስለ ቡና ዋጋ ያወራሉ። ሠራተኛዋ መዝገብ ሲወጣላት ጮክ ብላ ትጣራለች፤ የምትጣራው ግን የጠያቂውን ስም ሳይሆን የመዝገቡን ስም ነው። ይህን ልብ አላልኩም ነበር።

«ማቴዎስ ላምቤቦ!» ብላ ተጣራች።

የአባቴን ስም በአደባባይ ሲጠራ ከሰማሁ ዓመታት አልፈው ነበር። ከአንድ ጥግ «አቤት» ብሎ የሚመጣ መሰለኝ። ሳልነሣ ወደዚያው ጥግ አየሁ።

«ማቴዎስ ላምቤቦ!» ደገመችው።

«አቤት» አልኩ። ከኋላዬም አንድ ሴት «አቤት» አለች። ዞር ስል ሰሚራ ናት።

«ማን ማን ናችሁ?» አለች ሠራተኛዋ።

«ልጁ ነኝ።»

«እኔ የተከሳሹ ልጅ ነኝ» አለች ሰሚራ። እሷም በራሷ በኩል አመልክታ ኖሯል።

ሠራተኛዋ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየች። «መዝገቡ አንድ ነው። እዚሁ ፊቴ ተቀምጣችሁ አብራችሁ እዩት። አንድ ገጽ እንዳይጎድል» ብላ በሲባጎ የታሰረ ቡናማ ክላሴር በመስኮቱ አቀበለችን።

ጎን ለጎን ተቀመጥን። ክላሴሩ ግማሹ እኔ ጉልበት ላይ፣ ግማሹ እሷ ጉልበት ላይ ሆነ። ሰሚራ ቦርሳዋን በረበረች፣ እንደገና በረበረች፣ ከዚያ ዘጋችው።

«መነጽሬን ረስቼ ነው የመጣሁት» አለች ወደ ሌላ ቦታ እያየች። «አንብቢው።»

ሆዴ ውስጥ ክፉ ነገር ብልጭ አለብኝ፤ የሚጠቅመኝን ብቻ አንብቤ የቀረውን ብዘለው ማን ያውቃል? ግን የአባቴ ፊርማ ከገጹ ግርጌ ሆኖ ያየኛል። ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩላት።

የአባቴ ክስ ረጅም ነው። ተከሳሹ መተላለፊያውን በማገዶ እንደዘጋ፣ ይባስ ብሎም የሚዋጋ ሙክት በግ በመንገዱ ላይ አስሮ ቤተሰቡን እንዳስፈራራ ይዘረዝራል። የጋሽ ኑሪ መልስም አይሰንፍም። በጉ የታሰረው በገዛ ግቢያቸው እንደሆነና ማንንም እንዳልወጋ፣ እንዲያውም የከሳሽ ልጆች ቀንዱን እየጎተቱ እንዳስመረሩት ጽፈዋል።

ሰሚራ ሳታስበው ሳቀች። «ያ በግ! እኔንም ወግቶኛል» አለች። እኔም ሳቄ መጣ፤ ግን ሁለታችንም ቶሎ ዋጥነው።

ቀጠሮ፣ ምስክር፣ ቀጠሮ። በመጨረሻው ገጽ ላይ የነበረው ጽሑፍ ይህ ብቻ ነው፦ «ግራ ቀኙ ቢጠሩ አልቀረቡም። መዝገቡ ተዘግቷል። ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ።»

ገልብጬ አየሁት። ጀርባው ባዶ ነው። ከሳሽም ተከሳሽም ለምስክር ቀጠሮ ሳይቀርቡ ቀርተዋል። ማንም አልረታም፤ ማንም አልተረታም። ስፎክርበት የከረምኩት ውሳኔ ኖሮ አያውቅም። የእናቴን መንገድ የሚያስከፍት ወረቀት የለኝም ማለት ነው። ሰሚራ ያን ቀን ከሰዓት ግንቡን ብታስጨርሰው የምላት ነገር የለኝም።

«ቀኑን አንብቢልኝ» አለችኝ።

ቀኑን አነበብኩላት። ቀና ብዬ አየኋት፤ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ይዛለች።

«ሙኒር የተቀበረ ቀን ነው» አለች።

ሙኒር ታናሽ ወንድሟ ነበር። ወባ ጭንቅላቱ ላይ ወጥታበት እንደሞተ ሆሳዕና ሆኜ ሰምቼ ነበር። ቀኑን ግን አላውቅም ነበር፤ ከክሱ ጋርም አያይዤው አላውቅም።

«ንጋት ላይ አረፈ፤ በእኛ ደግሞ ቀብር አይቆይም» አለች ሰሚራ፤ ቃላቱን አንድ በአንድ እያወጣች። «አባቴ ፍርድ ቤቱ ትዝም አላለው። አባትሽ ግን ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ወረቀታቸውን በብብታቸው ይዘው ሲወጡ ነው ጩኸታችንን የሰሙት። መተላለፊያው ላይ ቆመው አይቻቸዋለሁ። ወረቀቱን ለእናትሽ ሰጡና ወደ እኛ ገቡ። ያን ቀን ሲዘንብ ነው የዋለው። በዚያ ሙሉ ልብስ አፈር ሲዝቁ ዋሉ። አባቴ ከመቃብር የተመለሰው እሳቸው ላይ ተደግፎ ነው።»

የአባቴ ጥቁር ሙሉ ልብስ ትዝ አለኝ። የሱሪው እግር ላይ የማይለቅ የጭቃ እድፍ ነበረው። ስፌት ስጀምር «ጫፉን ቆርጬ ላሳጥርልህ» ብለው «ተይው» ነበር ያለኝ። ለቤተ ክርስቲያን ሳይቀር እንደዚያው ይለብሰው ነበር። በቀብሩም ቀን የሬሳ ሣጥኑ ላይ የተነጠፈው ያው ልብስ ነው።

«አባቴም ክሱ አልቋል ብሎ ነው የነገረን» አለች ሰሚራ። «የአቶ ማቴዎስ ሰዎች ሲያልፉ ማንም ቀና ብሎ እንዳያያቸው ይለን ነበር። ረትቶ ያዘነላችሁ ይመስለኝ ነበር።»

«እኔም የረታን ይመስለኝ ነበር» አልኳት።

ሠራተኛዋ ከመስኮቱ ብቅ አለች። «ጨረሳችሁ? ግልባጭ የምትፈልጉ ካላችሁ አመልክቱ። ክሱን እንደ አዲስ መክፈት የምትፈልግም ትችላለች።»

ያ ወረቀት ለእኔ ምንም አይፈይድልኝም፤ ለሰሚራ ግን ይጠቅማታል። ፍርድ የለም የሚል ወረቀት ማለት ለእሷ ግንቡን ጨርሺ ማለት ነው። ወደ እሷ ዞርኩ። ክላሴሩን ከጉልበቴ ላይ አነሣች፤ ሲባጎውን ራሷ አሰረችው፤ በመስኮቱ መለሰችው።

«ወደ ቦታው ይመለስ» አለች። «ግልባጭ አንፈልግም።»

አልተቃቀፍንም፤ ይቅርታም አልተባባልንም። ሰፈራችን አንድ ስለሆነ በአንድ ባጃጅ ተሳፈርን። ቤት እስክንደርስ ያወራነው ስለ ዝናቡ ነው። ስንወርድ ሰሚራ ወደ ግንበኞቹ ሄደችና ሲባጎውን ነቅላ ራሷ ወደ ግቢዋ ውስጥ ገፋ አድርጋ ዘረጋችው። «ባጃጅ የሚያስገባ ይሁን» አለቻቸው። ዋና ግንበኛው አንድ ሱቅ እንደሚቀንስባት ሊያስረዳት ሞከረ፤ «ሰምቼሃለሁ» ብላው ገባች።

ቤት ስገባ እናቴ መስኮቱ አጠገብ ናት። «እማዬ፣ መዝገቡን አገኘነው፤ ፍርድ የለውም» አልኳት። ዓይኗን ጨፈነች። «ሙኒር የተቀበረ ቀን ነው የተዘጋው።» ከዓይኗ ጥግ እንባ ወረደ። ያኔ ነው የገባኝ።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት። በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። እንደገና እጅጌዬን ያዘችኝ፤ በዚህ ጊዜ ግን ስባ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። እስኪመሽ እዚያው ተቀመጥኩ።

እናቴ መስከረም ላይ አረፈች። ያን ቀን የሰሚራ አዳዲስ ሱቆች የሚከፈቱበት ቀን ነበር፤ ወንበር ተደርድሮ፣ እንግዳ ተጠርቶ ነበር። ጩኸታችን ሲሰማ ሰሚራ የሱቆቹን በር ሁሉ አወረደች፤ ወንበሮቹም ወደ እኛ ድንኳን መጡ። የእናቴ አስከሬን በመተላለፊያው ወጣ። ከተሸካሚዎቹ ሁለቱ የሰሚራ ልጆች ናቸው። አንድም ቦታ ዘንበል ሳይል፣ ሳይጠብበት ወጣ።

አንድ ጠበቃ ዘመዴ ይህን ሰምቶ ተቆጣኝ። «የሰው ልብ ይለወጣል፤ ነገ ልጆቿ ቢዘጉትስ? ሁለታችሁም ፍርድ ቤት ቅረቡና ስምምነታችሁን በመዝገብ አስመዝግቡት» አለኝ። እውነቱን ነው። ለሰሚራ ነገርኳት፤ «ልክ ነው፣ እንሄዳለን» አለች። እኔም እንሄዳለን አልኩ። እስካሁን አልሄድንም። ቀጠሮ ተሰጥቶን ስማችን ቢጠራም እንኳ የምንቀርብ አይመስለኝም።