አባቴ ከበቅሎ የወረደበት ዓመት

መጀመሪያ የመጣው ጥም ነው። አባቴ በገበያ ቀን ከሱቁ ሲመለስ ገና ከበቅሎው ሳይወርድ «ውሃ!» ይል ጀመር። የሰጠሁትን ቅል በአንድ ትንፋሽ ይጨርስና «ድገሚኝ» ይለኛል። እናቴ «ሰውዬው ጨው ሲሸጥ ነው እንዴ የዋለው?» ብላ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ያኔ ስለ ስኳር በሽታ የሚያውቅ ሰው በቤታችን አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ባልሳቅን።

ከጥሙ ቀጥሎ የሽንት መመላለስ መጣ፣ ከዚያ ክሳት። አባቴ በሶዶ ገበያ ጨርቅ የሚሸጥ፣ በቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ የሆነ፣ ሆዱ ቀድሞት በር የሚገባ ሰው ነበር። በእኛ ዘንድ ሆድ የደህና ኑሮ ምልክት ነው፤ በእግር መሄድ ደግሞ በቅሎ ያጣ ሰው ነገር ነው። ሱቁ ከቤታችን ቁልቁል ሲወርዱ እዚያው ነው፣ ቢጣሩ የሚያሰማ መንገድ፤ እሱ ግን ኮርቻ ሳያስጭን አይወጣም። ያ ሰው በአንድ ክረምት ቀበቶው ዞረበት። ጓሮ ሽንቱን የሸናበት ቦታ ላይ ጉንዳን ተሰበሰበ። እናቴ ጉንዳኑን ካየች በኋላ መሳቅ ተወች።

ከዚያ ቁስሉ። አዲስ ጫማ አውራ ጣቱን ላጠው። ትንሽ ነበር። አልድን አለ። ጠቆረ። ሸተተ። ሆስፒታል ወሰድነው።

ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነበሩ፤ ቁስል የሚያጥበው ድሬሰር ቃላቸውን ወደ ወላይትኛ እየመለሰ ነገረን። «ዲያቤቲስ ነው። የስኳር በሽታ» አሉ።

«እኔ ሻይ እንኳ ያለ ስኳር ነው የምጠጣው!» አለ አባቴ፣ ሰው ሌባ ያለው ይመስል።

«ስኳሩ ያለው ደምህ ውስጥ ነው። ካልወረደ ቁስሉ አይድንም። ቁስሉ ካልዳነ እግርህ ይቆረጣል።»

ድሬሰሩ የመጨረሻውን ቃል ሲመልስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። አባቴ ሰማ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እኔ እግሩን አየሁ።

እዚያው ተኝቶ ኢንሱሊንና ፔኒሲሊን ተወጋ። ሲወጣ ሐኪሙ እንዲህ ብለው አዘዙን፦ ስኳር፣ ማር፣ ብርዝ በጭራሽ። ቆጮና ገንፎ በልክ። ቅቤ ጥቂት። ጎመንና ቦሎቄ በደንብ። ቁስሉ እስኪደርቅ በዚያ እግር አይርገጥ፤ ለመርፌው በየጠዋቱ በበቅሎ ይምጣ። «ሲድን ግን በእግሩ ይሂድ። በየቀኑ» አሉ። ከዚያ በቤታችን ማን እንደሚያነብ ጠየቁ። ሰባተኛ ክፍል ነበርኩና አባቴና እናቴ ወደ እኔ ጠቆሙ። ቤኔዲክት የሚባል ሰማያዊ ፈሳሽና ቴስት ቲዩብ የሚባል ቀጭን ብርጭቆ ሰጡኝ። በፈሳሹ ላይ ጥቂት የሽንት ጠብታ ጨምሮ በፈላ ውሃ ውስጥ ማቆም ነው። ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ ሽንቱ ውስጥ ስኳር የለም፤ አረንጓዴ ከሆነ ጥቂት አለ፤ እንደ ሸክላ ከቀላ ብዙ ነው። «ከዛሬ ጀምሮ ላቦራቶሪው አንቺ ነሽ» አሉኝ። እግዚአብሔር ይወቅልኝ፣ ያን ቀን ወደ ቤት የተመለስኩት መሬት ሳልረግጥ ነው!

ኩራቴ ግን አልቆየም። በየጠዋቱ የማፈላው ፈሳሽ በየጠዋቱ ቀላ። መርፌውን ይወጋል፣ ስኳር አይቀምስም፣ ፈሳሹ ግን ይቀላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በወላይታ ለሕመምተኛ ባዶ እጁን የሚመጣ ሰው የለም፤ የክብር ስጦታው ቅቤና ማር ነው። ሕመምተኛ የሚበላው ደግሞ ከእንሰት የሚወጣው ነጩ ቡላ ነው፣ ተገንፍቶ መሐሉ ላይ ቅቤ የተኛበት። በጠያቂ ፊት ለታመመ ሰው ጎመን ማቅረብ «ይህ ቤት ወድቋል» ብሎ ማወጅ ነው። ስለዚህ እናቴ ጎመኑን ለእኛ ጓዳ ውስጥ፣ ቡላውን ለአባቴ ሳሎን ውስጥ ታቀርብ ነበር። የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ቶማ ደግሞ በአረካ መንገድ ላይ ካለው ቤታቸው የማር ማሰሮ ይዘው ይመጡና ብርዙን በእጃቸው ያጠጡታል።

«ጋሽ ቶማ፣ ሐኪሙ ማር ከልክለዋል» አልኳቸው።

«ስኳር የሱቅ ነው፣ ማር የእግዚአብሔር ነው» አሉ። «ፈረንጅ የእኛን ንብ የት ያውቃታል?» ጠያቂው ሁሉ ሳቀ። አባቴም እየሳቀ ጠጣ።

አንድ ጠዋት ለመርፌው ስንሄድ ሐኪሙ ፋሻውን ፈቱ። ጥቁረቱ ወደ ሁለተኛው ጣት ተሻግሮ ነበር። «ሳምንት እጠብቃለሁ» አሉ። «ከዚያ እቆርጣለሁ።»

የዚያን ዕለት ጋሽ ቶማ ማሰሯቸውን ይዘው ሲገቡ ውሃዬን ጥጄ ጠበቅኋቸው። በፊታቸው፣ በጠያቂዎቹም ሁሉ ፊት የአባቴን ሽንት ፈተንኩ። ሰማያዊው አረንጓዴ ሆነ፣ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ እንደ ጡብ ቀላ።

«የተማሪ ጨዋታ ነው» አሉ ጋሽ ቶማ። «የማንም ሽንት ቢፈላ ይቀላል።»

«እንግዲያው የእርስዎን ይስጡኝ።»

እናቴ «አንቺ ልጅ!» ብላ ጮኸች። ጋሽ ቶማ ግን እልኸኛ ናቸው፤ ጓሮ ዞረው መጡ። አፈላሁት። ሁሉም አንገቱን አስግጎ አየ። ፈሳሹ እንደ መስከረም ሰማይ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ።

«ማርዎ ክፉ አይደለም ጋሽ ቶማ» አልኩ። «እርስዎ ይጠጡት። የአባቴን እግር ግን እየበላው ነው።»

ጋሽ ቶማ የወንድማቸውን ፋሻ አዩ። ከዚያ ማሰሮውን አንስተው ብብታቸው ሥር ወሸቁና ለእናቴ «ጎመኑን ወደዚህ አምጪው» አሏት። «መጀመሪያ እኔ እበላለሁ። ታላቅየው የበላውን ታናሽየው አይንቅም።» ቁጭ ብለው በሉ። አባቴም በላ። (በማግስቱ ገበያ ውስጥ «የእኔ ሰማያዊ ነው!» እያሉ ለሰው ሁሉ ሲያወሩ ነበር አሉ።)

ሳምንቱ ሲሞላ ሐኪሙ ፋሻውን ፈቱ፣ አጎንብሰው አዩ፣ በጣታቸው ዙሪያውን ነካ ነካ አደረጉ። «ጥቁረቱ ቆሟል» አሉ። ቢላዋ ሳያነሡ መለሱን።

ከዚያ በኋላ ያለውን ስጽፍ ብዕሬ ራሱ ይፈጥናል፣ ምክንያቱም እናቴ ጎመኑን በነጭ ሽንኩርት እያበሰለች፣ ቦሎቄውን እየቀቀለች፣ አጠገቡም የምታቃጥለውን የወላይታ ዳጣ እያስቀመጠች አባቴ ቅቤውን እስኪረሳ ድረስ አስለመደችው፤ ቆጮውም አልቀረም፣ በመዳፉ ልክ ብቻ ሆነ እንጂ። የእኔም ፈሳሽ ከቀይ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ አረንጓዴ እያለ አንድ ጠዋት ሰማያዊ ሆኖ ቀረና ቴስት ቲዩቡን ይዤ በግቢው ስሮጥ ጎረቤት እሳት የተነሣ መስሎት ወጣ። ቁስሉ ደረቀ፣ ቆዳ አበጀ። ሐኪሙ መርፌውን በክኒን ለወጡለትና ሰፊ ጫማ አስገዝተው «አሁን ሂድ» አሉት።

መሄዱ ከጎመኑ ይልቅ ከበደ። በመጀመሪያው ቀን ገና ከበራችን ሳንርቅ «ምነው ጋሼ፣ በቅሎዋ ሞተች?» ተባለ። አንዱ «ሸጣት እንጂ! ጨርቁ ከሰረ» አለ። አንዲት ሴትዮ እውነት መስሏት አለቀሰችለት። አባቴ ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰና «እግሬ ከሚድን ስሜ ቢድን ይሻለኛል» ብሎ ተቀመጠ። ነገ ኮርቻው ላይ ሊወጣ እንደሆነ ገባኝ።

«አዋ» አልኩት፤ አባት በቋንቋችን አዋ ነው። «ሰዎቹ የሚሉት በቅሎዋን ስላላዩ ነው። ይዘናት ብንሄድስ?»

በማግስቱ በቅሎዋ ሙሉ ኮርቻዋን ተጭና፣ ጌጧን አድርጋ፣ ማንም ሳይቀመጥባት ተከተለችን። አባቴ ልጓሟን ይዞ ከፊት፣ እኔ ከጎኑ፣ በገበያው መሐል አልፈን ወደ ዳሞታ ተራራ ግርጌ። ሰው ግራ ገባው። ሰውየው በቅሎ አለው፣ በቅሎዋም ጤነኛ ናት፤ እንግዲህ ምን ይባላል? «ስለት ነው» አሉ አንዳንዶቹ። ይበሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጋሽ ቶማም ከእኛ ጋር መሄድ ጀመሩ፤ በኋላም ሁለት ነጋዴዎች፣ ሆዳቸው እየቀደማቸው።

አሁን ይህን ለምታነቡ፣ በቤታችሁ ያው ጥም ለገባባችሁ፣ የምለው አለኝ። ውሃ የሚያበዛና የሚከሳ ሰው ካያችሁ ሳቁንም ቡላውንም ትታችሁ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ለምትጠይቁት ሕመምተኛ ስትሉ ማሩን ቤታችሁ ተዉት፤ ፍቅር በጎመንም ይቀርባል። መርፌውንና ክኒኑን የሚቀንስ ሐኪሙ ብቻ ነው። ማታ ማታ እግሩን እጠቡለትና በጣቶቹ መካከል ሳይቀር እዩ፤ በባዶ እግር አይሂድ። ሰው ደግሞ ይስቃል፣ ምን ታደርጉታላችሁ፣ እናንተ ሂዱ። ሐኪሙንና ድሬሰሩን አመሰግናለሁ። እናቴን፣ በሰው ፊት ጎመን ለማቅረብ የደፈረችውን፣ አመሰግናለሁ። ጋሽ ቶማንም፣ እልኻቸውን ጭምር።

ዘንድሮ ጊፋታ፣ አዲስ ዓመታችን፣ ሲመጣ በዓሉን ጋሽ ቶማ ቤት እንድንውል ተጠራን። በር ላይ በቅሎዋ ተጭና ቆማ አባቴ እጁን ዘረጋልኝ። «ዛሬ አንቺ ውጪባት» አለኝ።

«አዋ፣ ሰው ምን ይላል?»

«ውጪ ብያለሁ።»

ወጣሁ። አባቴ ልጓሙን ይዞ፣ በሁለት እግሩ፣ በአሥር ጣቱ፣ በአረካ መንገድ ፊት ፊት ሄደ። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ቆመው አዩንና አንዷ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ «ኧረ ጉድ! ልጅ በበቅሎ፣ አባት በእግሩ!»

አባቴ ሳይቆም ዘወር አለ።

«ታዲያ እግሩን ማን አተረፈው?» አላት።