አማቴ ካቢና ውስጥ ሳሉ

ዳንግላ ላይ ያን አሮጌ የጭነት መኪና የገዛሁት ከበቅሎ ነጂዎች ጋር መጨቃጨቅ ሰልችቶኝ ነው። በቅሎ ግን ቢያንስ ስትቀሰቅሳት ከፊቷ ቁም አትልህም።

ያን ጊዜ መኪና የሚነሳው በማኖቬላ ነበር። ብረቱን ከፊት ቀዳዳው ትሰካና በክንድህ ታዞራለህ። ያስተማረኝ ሾፌር ወደ አገሩ ሳይሄድ ሕጉን አስጠንቶኛል፤ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርግ፣ ማርሹ ባዶ መሆኑን ነቅንቀህ እይ፣ መልሶ ሲመታ እንዳይሰብርህ አውራ ጣትህን ከሌሎቹ ጋር አሰልፍ። ካቢና ውስጥ ስለሚቀመጥ ሰው ግን ምንም አላለኝ። አማት እንዳለኝ አላወቀም መሰለኝ።

አማቴ የታወቁ ፈረሰኛ ናቸው። ወደ እንጅባራ ላደርሳቸው ካቢና አስቀመጥኳቸው። መኪናው ቁልቁል፣ አፍንጫውን ወደ መጋዘኔ አድርጎ ቆሟል። ድንጋዩን አደረግሁ፣ ማርሹን ነቀነቅሁ፣ ማኖቬላውን ከሱቄ አምጥቼ አዞርኩ። ተነሳ። ተነሳብኝ ብል ይሻላል። ፓራውልቱ፣ ያ የፊት መከላከያ ብረት፣ ጭኔን ከመጋዘኑ ግድግዳ ጋር አጣብቆብኝ ሞተሩ ጠፋ። ጭቃውን ሳስመርግ የቆጠብኩት ጭድ ያን ቀን እግሬን አተረፈልኝ፤ ግድግዳው ወደ ውስጥ ጎበጠ።

«ምነው ቆምክ?» አሉኝ አማቴ በመስኮቱ።

«ተይዤ ነው፣ አባቴ።»

«በምን?»

«በመኪናው።»

ሰው ተሰበሰበ። ጨው ነጋዴው ጎረቤቴ ዙሪያዬን አየና «ዛሬ ደግሞ ራሱን ለገበያ አወጣ» አለ። ከወዲያ አንዱ በአገውኛ የሆነ ነገር ጨመረበት፤ ሳቁን ግን ሁሉም ሰማው።

«ሱቅ ስትገባ ድንጋዩን እኔ ነኝ ያስነሳሁት» አሉ አማቴ። «እግሩ የታሰረ ፈረስ ተነስ አይባልም። ልጓሙንም ሳብ አድርጌ ይዤልሃለሁ።»

ልጓም ያሉት ማርሹን ነው፤ ከባዶ አውጥተው አስገብተውታል። እጃቸው አሁንም እላዩ ላይ ነው።

«ላላ ላድርግለት። ወደ ኋላ ይላል» አሉ።

ማርሹ ከላላ መኪናው እንዳለ እላዬ ላይ ይመጣል። እንዳልጮኽ ደግሞ አማት ናቸው። እሳቸው ፊት ጉርሻ እንኳ አፍሬ የምውጥ ሰው እንዴት ብዬ እጅዎን ያንሱ ልበላቸው? ቢያንሱትስ ወዴት ገፍተው እንደሚያነሱት ማን ያውቃል። ጭኔ መደንዘዝ ጀመረ።

«አባቴ፣» አልኩ ቀስ ብዬ፣ «ፈረስ ገደል አፋፍ ላይ ሲቆም ልጓሙ ይላላል?»

«የማን ጅል ነው የሚያላላ?»

«እንግዲያው አጥብቀው ይያዙልኝ። ገደሉ እኔ ነኝ።»

አሰቡበት። ከዚያ በሁለት እጃቸው ያዙት። ጨው ነጋዴው የበቅሎ መጫኛ ጠፍሩን አምጥቶ ከመኪናው ኋላ አሰረ፤ የሳቁብኝ ሁሉ ጎተቱ። ጣት የሚያስገባ ክፍተት ስትገኝ ጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቁ፣ እንደገና ጎተቱ። በመጨረሻ እንደ ከረጢት ተንሸራትቼ ወጣሁ።

ወሬው እንጅባራ የደረሰው ከኔ ቀድሞ ነው። በየለቅሶው «እኔ ባልይዘው ኖሮ» ይሉ ነበር አማቴ። ሐሰት አይደለም፣ ምን እላለሁ? ከዚያ ወዲያ እሳቸው ካቢና ገብተው ሳይይዙ መኪናው እንዳይነሳ አዘዙ። እኔም ከመቀመጫቸው ፊት እውነተኛ ልጓም አሰርኩላቸው፤ ከምንም ነገር ጋር አልተያያዘም። እሱን ጨብጠው ይቀመጣሉ። እኔም ግድግዳ ካለበት አላቆምም።